«ፒክአፕ እኮ ነው፣ ምን ሕግ አለው?» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ሥራዬ ዛምቦኒ መንዳት ነው። ዛምቦኒ ማለት ያ በሆኪ ጨዋታ ዕረፍት ላይ ቀስ ብሎ ገብቶ፣ በረዶውን ፍቆ፣ ውሃ ቀብቶ የሚወጣው ግዙፍ መኪና ነው። ካናዳ፣ ኤድመንተን ውስጥ አንድ የበረዶ ሜዳ ላይ ስነዳው ዓመታት አለፉ። ማክሰኞ ማታ ደግሞ፣ በሐበሻ ሰዓት 4 ተኩል ሲል፣ መኪናዋን አቁሜ ጫማ ቀይሬ እኔም እገባለሁ። ሊግ አይደለም። ዳኛ የለም፣ አሰልጣኝ የለም፣ ዋንጫ የለም። 20 ተጫዋችና 2 በረኛ ተጠራርተን፣ የሜዳ ኪራይ አዋጥተን የምንጫወተው ነው። እዚህ ፒክአፕ ይሉታል። የሰፈር ኳስ በሉት፤ ልዩነቱ እግር ስር ስለት መኖሩ ነው።

ታዲያ አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር «አቦ አታካብድ፣ ፒክአፕ እኮ ነው፣ ምን ሕግ አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። የሌለው ዳኛ ነው እንጂ ሕግማ አለው። ፊሽካ የሚነፋ ሰው ስለሌለ ሁሉም ራሱን ይቆጣጠራል ተብሎ ነው የሚገባው። ከመኪናዋ ላይም ከተጠባባቂ ወንበርም ስሰማ የኖርኩትን ዛሬ ልዘርግፈው።

«ሆኪ የነጭ ጨዋታ ነው»

ይሄን የምሰማው ከፈረንጅ አይደለም። ቡና ላይ ከራሳችን ሰዎች ነው። «አንተ ደግሞ በረዶ ላይ ምን ትሠራለህ?» ኤድመንተን ተቀምጦ ይሄን መጠየቅ ይገርመኛል። የከተማችን ቡድን ኦይለርስ በ1984 የመጀመሪያውን የስታንሊ ዋንጫ (የሆኪ ትልቁን ዋንጫ) ሲያነሳ ከበረኞቹ አንዱ ግራንት ፉር ነበር። ጥቁር ነው፤ የተወለደው ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው ስፕሩስ ግሮቭ ነው። ያን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እሱ ነው። ጃሮም ኢጊንላ አባቱ ናይጄሪያዊ ነው፤ እሱም እዚሁ ጎረቤት ሴንት አልበርት ነው ያደገው። በ2010 የቫንኩቨር ኦሊምፒክ ካናዳ አሜሪካን አሸንፋ ወርቅ የወሰደችበትን ጎል ለቡድን ጓደኛው ለክሮዝቢ ያቀበለው እሱ ነው። ወደ ኋላ እንሂድ ካላችሁ በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ ነው) የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪ በ1958 ለቦስተን ሲሰለፍ አንድ ዓይኑ አያይም ነበር። ይባስ ብሎ በ1895 እዚሁ ካናዳ፣ ሃሊፋክስ አካባቢ ጥቁሮች የራሳቸው ሊግ ነበራቸው። ኤንኤችኤል የተመሠረተው ከዚያ 22 ዓመት ቆይቶ ነው።

በቆልማማ ዱላ መጫወት ደግሞ ለእኛ ብርቅ አይደለም። አያቶቻችን በገና ቀን ሩሯን ሲያሳድዱ አልነበር እንዴ? (ከዚህ ተነስቶ «ሆኪን የፈጠርነው እኛ ነን» የሚልም ገጥሞኛል። እሱንም ተዉት።)

«ሆኪ ማለት ቡጢ ነው»

ቴሌቪዥን ላይ። እዚያም ቢሆን የተደባደበ 5 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ይቀጣል። ፒክአፕ ላይ ሰው በትከሻ መግጨት እንኳ አይፈቀድም፤ ሁሉም ነገ ጠዋት ሥራ ገቢ ነው።

«የአንድ ሰዓት ከፍለን 50 ደቂቃ ሰጡን፤ ዘረፉን»

ዘራፊው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ መልስ ልስጥ። የእኛ ሜዳ የኪራይ ሰዓት 50 ደቂቃ ነው። የቀረው 10 ደቂቃ የዛምቦኒ ነው፤ ውሉ ላይም ተጽፏል፣ ማንም አያነበውም እንጂ። በዚያ 10 ደቂቃ የተቧጨረውን በረዶ እፍቃለሁ፣ ውሃ እቀባለሁ፣ ውሃው ይረጋል። የምቀባው ደግሞ ሙቅ ውሃ ነው። «በረዶ ላይ ሙቅ ውሃ?» ብሎ ያልሳቀብኝ የለም። ሙቅ ውሃ የላይኛውን ስስ ክፍል ትንሽ አቅልጦ ከበረዶው ጋር ይዋሃዳል፣ የስለቱን ጭረት ይሞላል። ውስጡ ያለው አየርም ስለሚያንስ ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ይወጣዋል። መኪናውን የፈለሰፈው ፍራንክ ዛምቦኒ ራሱ በረዶ በማይዘንብበት የካሊፎርኒያ ክፍል ነው የሠራው፣ በ1949።

እና እባካችሁ፣ እኔ ወጥቼ በሩ ሳይዘጋ ዘላችሁ አትግቡ። ውሃ ላይ ነው የምትቆሙት። የእናንተው ሜዳ ነው የሚበላሸው።

«ካልደከመኝ ለምን እወጣለሁ?»

እዚህ ጋ ተቀመጡ። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ከበረኛው ሌላ ከአንድ ቡድን ሜዳ ውስጥ የሚሆነው 5 ሰው ነው። ሌላው ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃል። ጨዋታው ሳይቆም አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይገባል። ገብታችሁ እስክትወጡ ያለው ጊዜ ሺፍት ይባላል። እኛ ሺፍት ሲባል 8 ሰዓት የለመድን ሕዝብ ነን፤ ጣጣው ምናልባት ከዚያ ይጀምራል። ኤንኤችኤል ውስጥ ያሉት፣ በሳንባም በጭንም የሚተዳደሩት፣ 45 ሰከንድ ገደማ ተጫውተው ይወጣሉ። በሳምንት አንዴ የሚጫወተው፣ እራቱን ክትፎ የበላው ወዳጄ ግን 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይቆያል።

ለክቼ ነው የምናገረው። ባለፈው ዊንተር ወንበር ላይ ተቀምጬ በስልኬ ቆጠርኩለት። የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ እንደ ግልገል ዘለለ። አንድ ደቂቃ ላይ ስቲኩን (ዱላውን) ጉልበቱ ላይ አስደገፈ። ሁለተኛው ላይ ከተቃራኒ ቡድን መስመር አጠገብ ቆሞ ፓስ መለመን ጀመረ። ወደ ፊት ሲሆን ይበራል፣ ተመልሶ መከላከል ሲመጣ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። እሱ ቆሞ ሁለት ጎል ገባብን። በመጨረሻ እያለከለከ መጣና አጠገቤ ዘፍ ብሎ «ዛሬ ጨዋታው ቀዝቀዝ ብሏል፣ አይደል?» አለኝ። የቀዘቀዝነውስ እኛ ነን! ላብህ ደርቆ በረዶ አጠገብ አራት ደቂቃ ስትቀመጥ ጭንህ እንጨት ይሆናል።

«ካልደከመኝ» የሚለው ራሱ ስህተት ነው። ሜዳ ላይ ስትሮጥ ሲደክምህ እግርህ ይቆማል፣ ታውቀዋለህ። በረዶ ላይ ግን ስለቱ ይሸከምሃል። ሩጫውን ከተውክ በኋላ እንኳ መንሸራተቱ ስለማይቆም እየተጫወትክ ይመስልሃል። ወንበር ላይ ያለው ሰው ግን መድከምህን ከአንተ በፊት ያየዋል።

ሒሳቡን እንሥራ። 50 ደቂቃ በ5 ቦታ፣ 250 ደቂቃ ነው። ለ10 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 25 ደቂቃ ይደርሰዋል። እኛ በነፍስ ወከፍ 20 ዶላር ነው የምናዋጣው፤ ደቂቃዋ 80 ሳንቲም መጣች። አንዱ 40 ደቂቃ ከተጫወተ 15ቱ የሌላ ሰው ነው። 12 ዶላር። መልበሻ ክፍል ገብቶ ከሰው ጃኬት 12 ዶላር ቢያወጣ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በመጀመሪያው ዊንተሬ አንድ ሸምገል ያለ ካናዳዊ ወንበር ላይ ሆኖ ግድግዳውን በስቲኩ ደጋግሞ ይመታ ነበር። ሆኪ ላይ ስቲክ መምታት ጭብጨባ ነው ብለውኝ ስለነበር ለእኔ እያጨበጨበ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ጨመርኩበት። በኋላ ስወጣ ፈገግ ብሎ «ጥሩ ሺፍት ነበር» አለኝ። አመሰገንኩት። ወርቁ የገባኝ ከወር በኋላ ነው። ፈረንጅ ሰምና ወርቅ አያውቅም ያለው ማነው?

እንግዲህ እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ። ጠንከር አድርጋችሁ ስትሮጡ በልባችሁ እስከ አርባ ቁጠሩ። ከዚያ ፓኳ (ጥቁሯ የጎማ ክብ ነች) በተቃራኒ ቡድን ሜዳ ጥግ ስትሆን ጠብቁና ውጡ። ጠላት ወደ በራችሁ እየመጣ አትውጡ፤ በረኛው ይረግማችኋል፣ እርግማኑም ይደርሳል። ወንበር ስትደርሱ ቦታችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ «ግራ!» ወይም «ተከላካይ!» በሉ። የሚገባው ደግሞ እናንተ እጅ በሚደርስበት ርቀት ላይ ሳትሆኑ አይዝለል። የወጣ ሰው ከተራው መጨረሻ ይቀመጣል፤ በሩ አፍ ላይ ተጎልቶ መንገድ አይዘጋም። ሰው ካነሰና ወንበር ላይ ሁለት ብቻ ካሉ አንድ ደቂቃ ወይም አንድ ተኩል ይሁን፣ ማንም አይናገራችሁም።

ወንበር ላይ ላላችሁትም አለኝ። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ትሉና ጨዋታው ካለቀ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ሰዓት ታሙታላችሁ። እዚያው ስሙን ጠርታችሁ «ና ውጣ!» በሉት። አይቀየምም። ቢቀየምም ተቀይሞ ይውጣ።

«በረኛው ቆሞ ነው የሚያመሸው፤ እሱም ያዋጣ»

በረኛ አይከፍልም። የእሱ ዕቃ ከሺህ ዶላር በላይ ነው፣ እናንተ ደግሞ ያለ እሱ ባዶ መረብ ላይ ነው የምትተኩሱት። ፓኳ ከ156 እስከ 170 ግራም የምትመዝን ድፍን ጎማ ነች፤ ለትልልቅ ጨዋታ ደግሞ እንዳትነጥር ቀዝቅዛ ነው የምትቀርበው። በረኛው ዣክ ፕላንት በ1959 ኒውዮርክ ላይ ፊቱን ተመትቶ፣ ተሰፍቶ፣ ጭምብል አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ በፊት በረኞች በአብዛኛው በባዶ ፊታቸው ነበር የሚቆሙት። ስለዚህ ማሟሟቂያ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ እግሩ ላይ ያለው መከላከያ ላይ ምቱ። ገና ሳይሞቅ ጆሮው ሥር የምትተኩሱ፣ እናንተን ነው።

«ስኬት ገዛሁ፣ አለቀ»

ጫማውን ማለቴ ነው፤ ሌላኛው ስኬት ገና አልመጣም። ስለቱ መሳል አለበት። ከሱቅ የወጣ አዲስ ጫማ ብዙ ጊዜ ሳይሳል ነው የሚሸጠው፣ ያገለገለውማ አይወራ። አንድ ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየወደቀ «ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ሊተወው ነበር። ጫማውን ገልብጬ ጥፍሬን በስለቱ ላይ ሳስኬደው እንደ ማንኪያ ጀርባ ለስላሳ ነው። አስሎት መጣ። አሁን ከእኔ ይፈጥናል፣ አመሰግናለሁም አላለኝ።

«ሄልሜት ለልጆች ነው»

ኤንኤችኤል ለአዳዲስ ተጫዋቾች ሄልሜት ግዴታ ያደረገው በ1979 ነው። ከዚያ በፊት የፈረሙት ምርጫ ነበራቸው፤ ያለ ሄልሜት የተጫወተው የመጨረሻው ሰው ክሬግ ማክታቪሽ በ1997 ጫማ ሰቀለ። የድሮ ፎቶ አይታችሁ አትጀግኑ። አንገትም እንዲሁ ነው። በ2023 እንግሊዝ ውስጥ አዳም ጆንሰን የተባለ ተጫዋች በግጥሚያ መሃል የሌላ ተጫዋች ስለት አንገቱን ቆርጦት ሞተ። እኔ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የአንገት መከላከያ አደርጋለሁ። ይሞቃል፣ ያሳክካል፣ አድርጉት።

«ግራጫ ማልያ ለሁለቱም ይሆናል»

ለማንም አይሆንም። አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»

ይሄ ተረት ትክክል ነው፤ የተሳሳተው አጠቃቀሙ ነው። ያ ባለ 3 ደቂቃ ከ40 ወዳጄ አንድ ማክሰኞ ፓኳን ስቶ የዚያን ሽማግሌ ካናዳዊ እግር በስቲኩ ገጨ። በሆኪ ደንብ ከሄድን ሁለት ደቂቃ ያስቀጣል፤ ፒክአፕ ላይ ቅጣቱ ይቅርታ ጠይቆ ፓኳን መስጠት ነው። የእኛ ሰው ግን ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ወደ እኔ ዞሮ «ተርጉምለት» አለኝና ተረቱን ተረተ። ተረጎምኩለት። አባቶቻችን በገና ቀን ይጫወቱት የነበረውን፣ ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢመታው እንኳ ቁጣ እንደሌለ፣ ሁሉንም አስረዳሁት። ሰውየው እግሩን እያሸ በጥሞና ሰማኝ።

«ጌታው የቅልጥም መከላከያ ያደርግ ነበር?» አለኝ።