በእርሳስና በከሰል ስለሚሠራ የጥቁርና ነጭ ሥዕል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቀለም ትቼ በእርሳስና በከሰል የሰው ፊት መሣል ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ሥራውን የሚያዩ ሰዎች ደጋግመው የሚሰነዝሯቸው አስተያየቶች አሉ። አብዛኞቹ በቅንነት የሚነገሩ ናቸው፤ ነገር ግን ስሕተት ናቸው፤ ገና እጁን በሚያፍታታው ወጣት ላይም ጉዳት ያደርሳሉ።

«ፎቶ እያለ ይህን ሁሉ መድከም ለምን?»

በቀትር ፀሐይ የተነሣ ፎቶ ላይ ከባርኔጣ ሥር ያለው ዓይን በጨለማ ይዋጣል፣ ግንባሩ ደግሞ ከመጠን በላይ ነጥቶ ሽብሽቡ ይጠፋል። ሠዓሊ ይህን እንዳለ የመቀበል ግዴታ የለበትም። የትኛው ጠርዝ እንደሚጠራ፣ የትኛው ወደ ጥላው እንደሚሟሟ የሚወስነው እሱ ነው። ላትቪያ የተወለደችው አሜሪካዊት ቪያ ሴልሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የውቅያኖስ ፎቶዎችን እያየች በእርሳስ ሥላለች። አድማስ የለም፣ ጀልባ የለም፤ ከዳር እስከ ዳር የውሃ ሞገድ ብቻ ነው። ፎቶውን በጨረፍታ አይቶ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው ግን እያንዳንዷ ሞገድ የሰው እጅ እንዳረፈባት ስለሚያውቅ ዓይኑን ቶሎ አያነሣም።

«ጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም መሸጋገሪያ ነው»

ሥዕል ሲማሩ በእርሳስ ስለሚጀመር የመጣ ግምት ይመስለኛል። ፊትን ክብ፣ አፍንጫን ወደፊት የወጣ አድርጎ የሚያሳየን የብርሃንና የጥላ መጠን እንጂ ቀለም አይደለም። ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰው አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ቢቆም በቀለም ፍንትው ብሎ ይለያል። በእርሳስ ሲሣል ግን ሹራቡም ግድግዳውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ጊዜ ትከሻውን ከግድግዳው ለመለየት በብርሃን ብቻ ዘዴ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ማምለጫ የለም።

«ለማጥቆር ጫን ማድረግ ነው»

የእርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ በእሳት የማጠንከሩን ዘዴ ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ እ.ኤ.አ. በ1795 በስሙ አስመዝግቧል። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ጠንካራና ፈዛዛ ይሆናል፤ በኤች ፊደል የሚታወቀው ይህ ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ለስላሳና ጥቁር ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ቢ ነው። ተማሪ ቤት የምናውቀው ኤችቢ በመካከል ያለው ነው። ኤችቢን የቱንም ያህል ብንጫነው እጅግ ለስላሳና ጥቁር የሆነውን ስድስት ቢን አይሆንም። ይልቁንም የወረቀቱ ሸካራ ገጽ ይደፈጠጥና ግራፋይት የሚይዝበት ቦታ ያጣል፤ የተጨፈለቀው ግራፋይትም ያብረቀርቃል። ሥዕሉን ወደ መስኮት ዘንበል ሲያደርጉት ጥቁር መሆን የነበረበት ፀጉር እንደ ብር ያበራል።

መፍትሔው ለስላሳ እርሳስ ይዞ በቀላል እጅ ንብብር በንብብር ማጥቆር፣ እጅግ የጨለመውን ቦታ ደግሞ ለማያብረቀርቀው ከሰል መተው ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ ይሏል። ከሰል ግራፋይት በለሰለሰው ገጽ ላይ በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ ከሰል የሚገባበት ቦታ አስቀድሞ መለየት አለበት። ጥላን በጣት ማሸትም ልማድ ሆኗል፤ የጣት ወዝ ወረቀቱ ላይ ሲቀር ግን ኋላ ላጲስ የማያስለቅቀው እድፍ ይሆናል።

«ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ማለት ፊቱን በደንብ ማጥቆር ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የራሳችንን ሰው ፊት ሲሥሉ ሙሉውን በአንድ ግራጫ ይሸፍኑና ዓይንና ጥርስ ብቻ ነጭ አድርገው ይተዋሉ። ጠቆር ያለ ቆዳ ግን ብርሃንን በጉልህ ያሳያል። በጉንጭ አጥንት፣ በአፍንጫ ጫፍና በታችኛው ከንፈር ላይ ያለው ወዝ ከባዶ ወረቀት ጥቂት ብቻ ቢጠቁር ነው። ከአገጭ ሥር ደግሞ ከልብሱ ተመልሶ የሚወጣ ለስላሳ ብርሃን አለ፤ እሱ ሲዘነጋ አገጭና አንገት ይጣበቃሉ። በእንግሊዝ የሚኖረውን የናይጄሪያ ዝርያ ያለው ሠዓሊ ኬልቪን ኦካፎርን የእርሳስ ሥራዎች ማየት ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ነጠላ የለበሱ እናት ሲሣሉ ስሕተቱ ይገለበጣል፤ ነጠላው ነጭ ነው ተብሎ ወረቀቱ ባዶ ይቀራል። እስቲ ነጠላውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ስስ ነው፤ በፀጉር ላይ ሲያርፍ የፀጉሩ ጥቁረት ሰርጎ ይታይበታል። ትከሻ ላይ ሦስትና አራት እጥፍ ሲደራረብ ነው የሚነጣው፤ እዚያም ቢሆን በእጥፋቱ መካከል ጥላ አለ። በእውነት ባዶ ወረቀት ሆኖ የሚቀረው ብርሃን በቀጥታ የመታው የእጥፋቱ ጫፍ ብቻ ነው።

«ወረቀት ላይ ካሬ እያሰመሩ መሣል ማጭበርበር ነው»

ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1525 ባሳተመው የልኬት መጽሐፍ ሠዓሊዎች በመሣሪያ እየታገዙ ሲሥሉ አሳይቷል። አሜሪካዊው ቻክ ክሎስም ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለውን የራሱን ጥቁርና ነጭ ምስል የሠራው ፎቶውን በካሬ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ካሬ በማስፋት ነው። ካሬ ዓይን የት እንደሚቀመጥ ይነግራል። ምን ያህል እንደሚጠቁር ግን አይነግርም፤ ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው።

«ተሰጥኦ የሌለው አይሞክረው»

ጀማሪ የሚሳሳተው በአብዛኛው እጁ እምቢ ስላለው ሳይሆን የሚያውቀውን ስለሚሥል ነው። የዓይን ነጩ ነጭ እንደሆነ ስለሚያውቅ ባዶ ይተወዋል፤ የላይኛው የዓይን ቆብ የጣለበትን ጥላ አያይም። ፎቶውን ገልብጦ መሣል ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የተገለበጠ ፊት ዓይንና አፍ መሆኑ ቀርቶ ቅርጽና ጥላ ይሆናል። እንዲህ ያለው እይታ በልምምድ ይገኛል።

«የእርሳስ ሥዕል ቶሎ ይደበዝዛል»

ግራፋይትም ከሰልም ካርቦን ናቸው፤ ብዙ ቀለሞችን ብርሃን ያነጣቸዋል፤ እነዚህን ግን አያነጣቸውም። ዱረር እናቱን በከሰል የሣላት እ.ኤ.አ. በ1514 ነው፤ ሥዕሉ ዛሬም በርሊን ውስጥ አለ፤ የግንባሯ ሽብሽብና የአንገቷ ጅማት ይቆጠራል። ሥዕልን የሚያበላሹት መተሻሸትና ርካሽ ወረቀት ናቸው። በውስጡ ያለው አሲድ ወረቀቱን ያቢጫል፣ ያደርቃልም፤ ስለዚህ አሲድ የሌለው ወረቀት መግዛት ያዋጣል። ከሰሉ እንዳይራገፍ ማጽኛ ይረጫል፤ ፍሬም ሲገባም መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በዙሪያው ወፍራም ካርቶን ይደረጋል።