ቤት ያሳደጋት ሳትሆን ቤት ያሳደገች ልጅ፦ ፓረንቲፊኬሽን ምንድን ነው?

የድሬ ልጅ ሲባል ግድ የለሽና ተጫዋች ነው ይባላል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያደገችው ወዳጄ ግን ሆቴል ገብተን እንኳ የማን ብርጭቆ እንደጎደለ ከአስተናጋጁ ቀድማ የምታይ ናት። ልጅ ሳለች እናቷ ታመው ተኙ። ታናናሾቿን አብልታና አልብሳ ትምህርት ቤት የምትልከው እሷ ሆነች። ማታ የአባቷን የበር አከፋፈት ታዳምጣለች፤ በሩ ቀስ ብሎ ከተከፈተ ሻይ ትጥዳለች፤ ከተንጓጓ ሕፃናቱን ወደ ጓዳ ታስገባለች።

ልጅ የወላጅን ድርሻ ሲሸከም ባለሙያዎች ፓረንቲፊኬሽን ይሉታል። ቃሉን ያስተዋወቁት የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያዎቹ ኢቫን ቦዞርሜኒ-ናጂና ጀራልዲን ስፓርክ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ነው። በእነሱ አባባል ቤተሰብ የመስጠትና የመቀበል ስውር መዝገብ አለው፤ እኛ ውለታ የምንለው መሆኑ ነው። ልጁ ሲሰጥ ኖሮ ማንም ካልመዘገበለት ሒሳቡ ሳይዘጋ ያድጋል።

ሸክሙ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሥራ ነው፤ ማብሰል፣ ሕፃን ማዘል። ሁለተኛው የስሜት ነው፤ የእናትን ምሥጢር መያዝ፣ ወላጆችን ማስታረቅ። ብዙ ጊዜ የሚከፋው ይህኛው ነው፤ ስለማይታይ ማንም «አረፍ በይ» አይልማ።

ታናሹን ያዘለ ልጅ ሁሉ ግን ተጎድቷል ማለት አይደለም። ጎረቤት እንደ እናት በሚቆጣበትና በሚያጎርስበት ሰፈር ልጅ ብቻውን አይደለም። ልዩነቱ ሸክሙ ለዕድሜው መመጠኑ፣ መመስገኑና ተራ የሚቀበለው ሰው መኖሩ ላይ ነው።

ያ የበር ማዳመጥ በጊዜው ትክክል ነበር፤ ቤቱን ሰላም አሳድሯል። ችግሩ ጆሮው ከዚያ ቤት ከወጣ በኋላም ሥራውን አለማቆሙ ነው። አለቃዋ ዝም ካሉ ያጠፋችውን ስትፈልግ ትውላለች። እምቢ ማለት እንደ ክህደት ይሰማታል፤ እርዱኝ ማለት ከአፏ አይወጣም። የሰው ሆድ የማንበብ ችሎታዋም ከዚያው የመጣ ነው፤ ሰው ደግሞ «ጨዋ ልጅ» እያለ የሚያመሰግናት በዚሁ ነው። ይህን ምስጋና ከሰማሁ ቁጥር ትንሽ እጠራጠራለሁ።

ባለፈው እሑድ ቡናውን እኔ ላፍላ አልኳት። እሺ ብላ ተቀመጠች። ጀበናው ሳይገነፍል ሦስት ጊዜ ተነሣች፤ አንዴ ሲኒ ለማጠብ፣ አንዴ ከሰሉን ለማራገብ፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሣች ራሷም አላወቀችም።