ዴይዝም ምንድን ነው? ("ምን አገባኝ" ማለት አይደለም!)

ትናንት ደግሞ አንዱ "ዴይስት ማለት ፈጣሪ አለ ብሎ አምኖ ምንም የማያደርግ ሰው ነው" ብሎ ሲያብራራ አነበብኩ፣ ላይኩ ደግሞ! ወንድሜ እሱ ስንፍና ነው የሚባለው፣ ዴይስት ሳይሆኑም ይቻላል።

ዴይዝም ማለት ፈጣሪ በአእምሮና በተፈጥሮ ይታወቃል፣ ራእይ አያስፈልግም የሚል እምነት ነው። እኔን የምታቃጥለኝ ያቺ የሰዓት ሠሪ ምሳሌ ነች፣ ፈጣሪ ዓለምን እንደ ሰዓት ሠርቶ ሞልቶ ትቶት ሄደ የምትለዋ፣ ሰው እሷን ይሰማና "እሱ ጣልቃ ካልገባ እኔ ምን አገባኝ" ይላል። እንዴ፣ ተገላቢጦሽ እኮ ነው፣ እሱ ወርዶ የጎረቤትህን ጣሪያ የማይጠግን ከሆነ ማን ሊጠግነው ነው?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ የቸርበሪው ኤድዋርድ ኸርበርት በ1624 እ.ኤ.አ. ሰው ሁሉ የሚስማማባቸው ናቸው ብሎ አምስት ነጥብ አወጣ (ራሱን ዴይስት አላለም፣ ስሙን የለጠፉበት በኋላ ነው)። ፈጣሪ አለ፣ ሊመለክ ይገባል፣ የአምልኮ ዋናው በጎ ምግባር ነው፣ ከጥፋት መጸጸት ያስፈልጋል፣ ዋጋና ቅጣት አለ። ሦስተኛዋን መልሳችሁ አንብቧት። በጎ ሥራ በኋላ የተቀጠለ አይደለም፣ አምልኮው ራሱ እሱ ነው።

በነገራችን ላይ ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብንም (ንጉሡን አይደለም) "የኛ ዴይስት" የምትሉ ቀስ በሉ፣ ሐተታ በሚባለው መጽሐፍ ላይ ያለው ሰው እየጸለየ ጸሎቴ ተሰማ፣ ማለትም ፈጣሪ ጣልቃ ገባልኝ የሚል ሰው ነው፣ ማን ጻፈው የሚለው ክርክርም ገና አላለቀም።

"እሺ መጽሐፍ የለ ቄስ የለ፣ በምን አንድ ይሆናሉ?" ይላል ያው ሰውዬ። የሰፈር ዕድር በምን አንድ ይሆናል? ስለ ነፍስ ምን ታስባለህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም፣ መዋጮህን ክፈል፣ ቀብር ላይ ተገኝ፣ በቃ። በ1797 እ.ኤ.አ. ፓሪስ የተነሱት ቲዮፊላንትሮፒስቶች የተባሉት የዴይስቶች ማኅበር ይህ ገብቷቸው ነበር፣ ፈጣሪ አለ ነፍስ አትሞትም በሚሉ ሁለት ነገሮች ብቻ ተስማምተው፣ መጀመሪያ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰብስበው፣ ለልደት ለሠርግ ለቀብር ሥርዓት አወጡ፣ ምክንያቱም ዕድርን የሚያቆየው መተዳደሪያ ደንቡ ሳይሆን ልቅሶው ነው፣ ሐሳብ ብቻ የሰበሰበው ሰው ተስማምቶ ሻይ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ለምን ጠፉ? ድንኳኑ የራሳቸው አልነበረማ። የሚሰበሰቡት መንግሥት በፈቀደላቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ ከካቶሊኮቹ ጋር በሰዓት እየተከፋፈሉ ነበር፣ በ1801 እ.ኤ.አ. የናፖሊዮን መንግሥት ውጡ አላቸው፣ ወጡ። እና ሰውዬው ዴይዝምን ሊተች ከፈለገ እዚህ ጋ ይምጣ እንጂ ሰዓቷን ይተዋት።