ስለ ጦር ባንድ ሙዚቀኛ የሚወራውና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ የሠራዊት ባንድ ትራምፔት ነፊ እንደነበርኩ ደርሰውበታል። ከዚያ በኋላ የማልባለው የለም።

«ታዲያ የዕድራችንን ጥሩንባ ለምን አይነፉልንም?»

ይህን ያሉኝ የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ከልባቸው ነው። የዕድር ጥሩንባ ቁልፍ የለውም። ትራምፔት ሦስት ቁልፍ አለው፤ የባንድ ሰው ደግሞ ኖታ አንብቦ ነው የሚጫወተው። (ለነገሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሰፈሩን መቀስቀስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አልደፍረውም።)

«መንፋት ሳንባ ይጨርሳል»

አይጨርስም። ትንፋሹ ከሆድ ተስቦ በልክ ነው የሚለቀቀው። ቶሎ የሚደክመው ከንፈር ነው። ጉዳት ከተባለ የሚያሰጋው ጆሮ ነው፦ ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ሲዘወተር ይጎዳል፤ ትራምፔት ደግሞ ከቅርብ ሲሰማ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ከፊታችን የሚቀመጡት ክላርኔቶች ናቸው። ያሳዝኑኛል።

«ከማርሽ ሌላ አያውቁም»

ይሄኛው ያናድደኛል። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ቀጥሎ የት ገባ? ክብር ዘበኛ። ማሕሙድ አሕመድም ከዚያው ባንድ ጋር ዘፍኗል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ የፖሊስ ኦርኬስትራ ሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያን ጊዜ መሣሪያ፣ የኖታ መምህርና የወር ደመወዝ አንድ ላይ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነበር። ነገሩ ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጡ። ልጆቹ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው።

ደግሞስ ማርሽ ቢሆን? በደቂቃ 120 ያህል እርምጃ እየተራመዳችሁ፣ መስመር ሳትስቱ፣ ብረቱ ጥርሳችሁን ሳይመታው ንፉ እስቲ።

«ወታደር እንኳን አይደሉም»

ሥልጠናውን ወስደናል፣ ማዕረጉም አለን። ሌላ ምን ይባላል?

«ትራምፔቱን ይዘህ ነዋ የወጣኸው!»

የመንግሥት ንብረት ነው። ጡረታ ስወጣ ፈርሜ አስረክቤያለሁ። ስለዚህ ለልጃችሁ ሠርግ ልትጠሩኝ ያሰባችሁ፣ መሣሪያውን እናንተ ተከራዩ። ከንፈሬን የማሟሽበት አንድ ወርም ጨምሩልኝ።