አሳይክሎቪር ምንድን ነው? ቫይረሱ በገዛ እጁ የሚያነቃው መድኃኒት

ከንፈር ዳር ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ሲወጡ በአገራችን «ምች መታው» ይባላል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይጨመቅና ጭማቂው ይጠጣል፣ ፊትም ይቀባል። ምች የሚለው ቃል ትኩሳቱንና ራስ ምታቱንም የሚያጠቃልል ሰፊ ስም ቢሆንም፣ የከንፈሩን ቁስል በተመለከተ ሐኪሞች የሚጠሩት ተጠያቂ አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለውን ቫይረስ ነው። ሁለቱ አባባሎች የሚመስሉትን ያህል የተራራቁ አይደሉም። ቫይረሱ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ በፊት ነርቭ ሥር ተኝቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲቀሰቅሰውም ነርቩን ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። እናም «ፀሐይ መትቶኝ ነው» የሚል ሰው ቀስቃሹን በትክክል ጠርቷል፤ ያልጠራው የተቀሰቀሰውን ነው። አልማዝ ባለጭራም የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ ሌላ ቫይረስ ሥራ ሲሆን፣ በልጅነት ጉድፍ ሆኖ ያለፈው ከብዙ ዓመታት በኋላ ከነርቭ ሥር ተነሥቶ በአንድ ወገን እንደ መቀነት ይወጣል።

ለሁለቱም የሚታዘዘው ዋነኛ መድኃኒት አሳይክሎቪር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቡሮውስ ዌልካም ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተሠርቶ በ1982 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘ ሲሆን፣ በሥራው ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ገርትሩድ ኤልዮን በ1988 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርታለች።

ቫይረሱ የሚባዛው ዲኤንኤውን፣ ማለትም የዘር መመሪያውን፣ እየገለበጠ ነው፤ ዲኤንኤ ደግሞ አራት ዓይነት ዶቃዎች በተራ የተሰኩበት ረጅም ክር ነው ማለት ይቻላል። አሳይክሎቪር ከአራቱ አንዱን ጓኖሲንን ይመስላል፤ ነገር ግን በየዶቃው ውስጥ ከሚገኘው የስኳር ክፍል ጥቂቱ ስለ ጎደለው በአንድ በኩል ብቻ እንደ ተበሳ ዶቃ ነው። ወደ ክሩ ለመግባት በቅድሚያ ፎስፌት የሚባሉ ሦስት የኬሚካል ቁራጮች ሊጣበቁበት ይገባል። የእኛ ሕዋስ የመጀመሪያውን ፎስፌት ማጣበቅ ላይ እጅግ ደካማ ነው፤ ቫይረሱ ግን ለራሱ ጥቅም ታይሚዲን ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራ የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን) ይሠራል፤ ይህም ኢንዛይም መድኃኒቱን ከእውነተኛው መለየት ተስኖት የመጀመሪያውን ፎስፌት ይለጥፍለታል። ቀሪዎቹን ሁለቱን የሕዋሱ ኢንዛይሞች ይጨምራሉ። ከዚያ የቫይረሱ ገልባጭ ኢንዛይም ዶቃውን ይሰካል፤ ቀጣዩን የሚሰካበት ቀዳዳ ያጣል፤ ግልበጣውም እዚያው ይቆማል።

የመድኃኒቱ ጥሩም ደካማም ጎን ከዚሁ ይመነጫል። ቫይረስ በሌለበት ሕዋስ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ስለሆነ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። በነርቭ ሥር የተኛው ቫይረስ ደግሞ ዲኤንኤውን ስለማይገለብጥና ኢንዛይሙንም ስለማይሠራ መድኃኒቱ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ቁስሉ ቢድንም በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲጀምር የሚመከረውም ግልበጣው ካበቃ በኋላ መድኃኒቱ የሚያስቆመው ነገር ስለማይኖር ነው። ከንፈር ላይ የሚቀባው ቅባት ውኃው ከቋጠረ በኋላ ሲጀመር ከሥራው ይልቅ ስሙ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ኪኒኑ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ከሢሶ ባነሰ መጠን ነው፤ ከደምም ቶሎ ይወጣል። በዚህ የተነሣ ለአልማዝ ባለጭራ 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ መዋጥ ያስፈልጋል። ቫላሳይክሎቪር የሚባለው ዘመዱ በሰውነት ውስጥ ወደ አሳይክሎቪር የሚለወጥና በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም የሚገባ በመሆኑ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል።

በኪኒን መልክ ሲወሰድ የተለመዱት የጎንዮሽ ጉዳቶች ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና ተቅማጥ ናቸው። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለኩላሊት ነው፤ በተለይ በሄርፒስ ምክንያት አንጎል ሲቆጣ መድኃኒቱ በደም ሥር በብዛት ይሰጣል። አሳይክሎቪር በውኃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ፈጥኖ ሲገባ በኩላሊቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንደ ጨው ይረጋና ሽንትን ያግዳል፤ ስለዚህ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ውስጥ በዝግታ ይንጠባጠባል፤ ታካሚውም በቂ ፈሳሽ ያገኛል። ኩላሊቱ በደከመ ሰው፣ በተለይም በአረጋዊ፣ መጠኑ ካልተቀነሰ መድኃኒቱ ይጠራቀምና መቃዠት፣ መንቀጥቀጥና የሌለ ነገር ማየት ያስከትላል፤ ቤተሰብ «አእምሮው ተነካ» ብሎ ሲደነግጥ ምክንያቱ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። መጠኑ ሲስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ይሽራል።

ሳይቶሜጋሎ ለተባለው የዚሁ ቤተሰብ ቫይረስ የሚሰጠው ጋንሳይክሎቪር የእኛንም ሕዋስ ይበልጥ ስለሚነካ መቅኔን ይጎዳል፤ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስም የደም ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል። የበሽታ መከላከያ አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ታይሚዲን ካይኔዙን የጣለ ቫይረስ ሲያጋጥም አሳይክሎቪር የሚያነቃው ያጣል። ያኔ የሚታዘዘው ፎስካርኔት ማንም ፎስፌት ሳይጨምርለት ገልባጩን ኢንዛይም በቀጥታ ያግዳል፤ ነገር ግን ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል፣ የደም ካልሲየምንም ስለሚያወርድ ታካሚው ከንፈሩ ዙሪያ እንደ መደንዘዝ ሲለው ወዲያው መናገር አለበት።