ክላስተርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዜና ላይ ሁለቱ እየተቀላቀሉ ይነገራሉ። አንድ አይደሉም። ፓርክ መንግሥት ወይም ባለሀብት አጥሮ፣ ሼድ ሠርቶ፣ መብራትና ውሃ አስገብቶ የሚያከራየው ቦታ ነው። ክላስተር ግን ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች ከነአቅራቢዎቻቸው አንድ አካባቢ ሲሰባሰቡ የሚፈጠር ነው። አጥር የግድ አይደለም። (የገበሬው ኩታ ገጠም እርሻም ክላስተር ይባላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

መርካቶ አካባቢ ያሉትን ጫማ ሠሪዎች እንይ። ቆዳው፣ ሶሉ፣ ማስቲሹ በእግር ርቀት ይገኛል። ሠራተኛ የጎደለው እዚያው ሠፈር ጠይቆ ይቀጥራል። አዲስ ሞዴል ሲወጣ ጎረቤት አይቶ ይሠራዋል። ኩረጃ በሉት፤ ሙያው የሚሰራጨው ግን እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 (እ.ኤ.አ.) የጠቀሳቸው ምክንያቶችም እነዚሁ ናቸው፦ ቅርብ አቅራቢ፣ ሙያ ያለው ሠራተኛ፣ የሚዛመት እውቀት። ኪራይ ቢወደድም ከአካባቢው መራቅ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ወደ ፓርክ ስንመጣ፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ይሰፋል፤ ጨርቁ ግን በአብዛኛው ከውጭ ነበር የሚመጣው። ኢትዮጵያ በ2022 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከአጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚያስችለው ዕድል) ስትሰረዝ፣ በዚያው ሰሞን አንዳንድ ኩባንያዎች ጥለው ሄዱ። በእኔ እይታ ሼዱ ነበር፤ የሚያስራቸው የአቅራቢ መረብ ግን ገና አልተዘረጋም ነበር።