ደጋ ላይ የሞተር ሳይክል ጉልበት ለምን ያንሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አንድ ሊትር አየር የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃንን አልፈው ጣርማበር ሲደርሱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። በየጋራዡ ከሚመከሩት መፍትሔዎች ብዙዎቹ ይህን ጉድለት አይነኩትም፤ አንዳንዶቹም ሞተሩን ይጎዱታል።

«ደጋ ላይ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን መቶኛ ያንሳል»

አያንስም። ጅቡቲ ወደብም ሆነ እንጦጦ ላይ 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚያንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 150 ሲሲ ሞተር የትም ቢሆን የሚስበው ያንኑ 150 ሲሲ ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለው አየር ግን ደጋ ላይ ክብደቱ ቀላል ነው። በግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ጉልበት ይጠፋል። ባሕር ዳርቻ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ወደ 9፣ ጣርማበር ላይ ወደ 8 ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለምና ለዚህ ተብሎ የፒስተን ፋሻ ማስቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

«አየር ካነሰው ፊልትሮውን ማውለቅ ነው»

ንጹሕ ፊልትሮ የሚያግደው አየር እጅግ ጥቂት ነው። ሲወልቅ የሚገባው አየር ያው ስስ አየር ነው፤ አብሮት ግን አቧራ ይገባል፣ ሲሊንደሩንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጉዳቱ ቀስ ብሎ በሰማያዊ ጭስና በዘይት መጉደል ይታያል፤ ያኔ ፊልትሮ መግጠም አያድነውም። ማርሚታ መቁረጥም ድምፅ እንጂ ኦክስጅን አይጨምርም።

«ጉልበት ሲያንሰው ቤንዚን ጨምሩለት»

በጣም የተስፋፋው ስሕተት ይህ ነው፤ መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው። ካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል፣ የአየሩን ክብደት አይመዝንም፤ ቤንዚን የሚስበው በጉሮሮው የሚያልፈው አየር በሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም ይቀንሳል፣ ግን የአየሩን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ 15 በመቶ ገደማ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) በደረቅ ጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጋዝ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ሞተሩ ይንተፋተፋል። መለያው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሞቆ ሲንተፋተፍ ቾኩን (የሚገባውን አየር የሚያጠበውን መክደኛ) በጥቂቱ ይሳቡት። ከባሰበት ቤንዚን በዝቶበታል፤ ከተሻለው አንሶታል።

ሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ ማድረግ ይህን አይፈታም። ካርቡራተሩ ላይ ያለችው የቅልቅል ብሎንም የምትሠራው ከሚኒሞ እስከ ሩብ ጋዝ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ሥራው ጋዝ ሲሰጥ ወደ ላይ እየተነሳች ቤንዚን የምታሳልፈው የመርፌዋ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የዋናው ጄት፣ ማለትም ቁጥር የተጻፈባት ቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ።

ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል ካሞቁ በኋላ ብሎኗን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር እያዞሩ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሳይቆራረጥ የሚዞርበትን ቦታ ይፈልጉ። ብሎኗ ከሞተሩ በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ሲያጠብቋት ቅልቅሉ ይሳሳል። ከፊልትሮው በኩል ከሆነች ግን የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ የሚሳሳው ሲያላሏት ነው። ብዙ ሰው ሳይለይ አንዱን በሌላው ቦታ እያዞረ ያባብሰዋል። መርፌዋ ከአንድ በላይ መያዣ እርከን ካላት ቅንጥቧን አንድ እርከን ወደ ላይ መውሰድ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ዋናውን ጄት አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ እያደረጉ ይሞክሩ፦ 105 ከነበረ 102፣ ከዚያ 100። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ጭር ባለ ቀጥ መንገድ ላይ ጋዝ ሙሉ ሰጥተው ጥቂት ይንዱ፤ ከዚያ ፍሪሲዮን ይዘው ሞተሩን ያጥፉና ካንዴላውን ያውጡ። ጥቁር ከሆነ አሁንም በዝቷል፤ ነጣ ካለ አንሷል፤ ቀላል ቡናማ ከሆነ እዚያው ይቁሙ። ጄት በሽቦ አይጠርጉ፤ ቀዳዳው ከሰፋ የተጻፈበት ቁጥር ዋጋ የለውም።

«ኢንጄክሽን ያለውን ከፍታ አይነካውም»

ኢንጄክሽን በካርቡራተር ፈንታ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ እየመጠነ የሚረጭ ነው፤ ሴንሰሩ (መለኪያው) ግፊቱን ለክቶ ቤንዚኑን ስለሚቀንስ ጥቀርሻና ጭስ አይኖርም። የጎደለውን ኦክስጅን ግን አያመጣም፤ ጉልበቱ ያንኑ ያህል ያንሳል።

«ኦክቴን መጨመሪያ ለደጋ ይጠቅማል»

ከፍተኛ ኦክቴን የሚከላከለው የሞተርን መንኳኳት፣ ማለትም የቤንዚኑን ያለጊዜው መቀጣጠል ነው። ደጋ ላይ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያንስ የመንኳኳት ዕድሉም ያንሳል። ኮሎራዶን በመሳሰሉ የአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች 85 ኦክቴን መደበኛ ቤንዚን ሆኖ የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሌላው የአገሪቱ ክፍል መደበኛው 87 ነው።

«ወደ ቆላ መውረድ ለሞተሩ ዕረፍት ነው»

ለደጋ ጄት ለተቀየረለት ሞተር አደጋው እዚህ ነው። ሰመራ ከ450 ሜትር አትበልጥም። እዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ስለሚለጠጥ ውፍረቱ በመደበኛ ሙቀት 1,400 ሜትር ላይ ካለው ጋር ይመጣጠናል፤ እንዲያም ሆኖ ከአዲስ አበባው በ18 በመቶ ገደማ ይበልጣል። አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ቃጠሎው ይግላል። የሚጎዳው ቁልቁለቱ ራሱ አይደለም፤ ጋዝ ተዘግቶ ሲወረድ ሞተሩ እምብዛም ሙቀት አያመነጭም። የሚጎዳው ከታች ባለው ሜዳ ጭነት ይዞ፣ ጋዝ ሙሉ ሰጥቶ ለረጅም ሰዓት መንዳት ነው፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ እስከ መንከስ፣ አናቱም እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የፋብሪካውን ጄት አይጣሉ። ለቀናት ቆላ የሚቆዩ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት ይመልሱት፤ ለአንድ ቀን ከሆነ ጋዙን ከሦስት አራተኛ አያሳልፉ።

«ዳገት ካቃተው ትልቅ ሞተር መግዛት ብቻ ነው መፍትሔው»

ሁልጊዜ ደጋ ለሚሠራ፣ ሰውና ዕቃ ለሚጭን ሞተር ርካሹ ማስተካከያ የካቴናው ጥርስ ነው። ከሞተሩ በኩል ያለው ትንሹ ጥርስ 15 ከሆነ በ14 ይቀየር፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል በ7 በመቶ ያድጋል። በተመሳሳይ ፍጥነት ሞተሩ ትንሽ በርከት ያለ ዙር ይዞራል። ከቀየሩ በኋላ ካቴናው ስለሚላላ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ስበው፣ መሐል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 25 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲንቀሳቀስ አድርገው ያጥብቁት።